ጋሽ ሳህሌ የመለሱት ማዕረግ

ስልኩ ሲጮህ የፈተና ወረቀት እያረምኩ ነበር። ረቡዕ ረፋድ ላይ ነው። የደወለችው የቡታጅራዋ እትዬ አስቴር ናት፣ የጋሽ ሳህሌ ባለቤት። «ኢዮብ፣ ጋሼህ አረፈ» አለችኝ። ድምጿ ደርቋል፤ ለቅሶዋን ጨርሳ ነው የደወለችው። እኔም «ኧረ በጌታ! መቼ?» አልኩ፤ ሰው የሚለውን ሁሉ አልኩ። እውነቱን ከተናገርኩ አይቀር ግን መጀመሪያ የተሰማኝ ሐዘን አልነበረም። እፎይታ ነው የተሰማኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ ደረቴ ላይ የተቀመጠ ነገር ብድግ ያለልኝ መሰለኝ። ከእንግዲህ ማን ይናገርብኛል? አልኩ በልቤ። ወዲያው ደግሞ ራሴን ተጸየፍኩት።

እፎይታውም ቢሆን ሁለት ደቂቃ አልቆየልኝም።

«ቀብሩ ነገ ስድስት ሰዓት ነው» አለችኝ እትዬ አስቴር። «የሕይወት ታሪኩን አንተ ነህ የምታነበው። ልጃችን ናሆም ጽፎታል። የሥራ ባልደረባ ቢያነበው ያምራል ብለን ነው። ደግሞም ይወድህ ነበር።»

እሺ አልኩ። ምን ልበል? በኛ በወንጌላውያን ቀብር ላይ የሕይወት ታሪክ ሲነበብ ሰውየው የት ተወለደ፣ የት ተማረ፣ ማንን አገባ፣ ምን ሠራ፣ ማዕረጉ ምን ነበር ይባላል። ማዕረጋቸው ጋ ስደርስ ምን ብዬ ላልፍ ነው? ጋሽ ሳህሌ ረዳት ፕሮፌሰር ከሆኑ በኋላ ተመልሰው ሌክቸረር ሆነዋል። ለምን እንደሆነ ከነምክንያቱ የሚያውቅ፣ በሕይወት ያለ ሰው አንድ ብቻ ነው። እሱም እኔ ነኝ።

የምንሠራበትን ዩኒቨርሲቲ ስም አልጠራም፤ ተቋሙ ምንም አላደረገኝም። የትም ቢሆን ዩኒቨርሲቲ የምናስተምር ሰዎች የምንኖረው በደረጃ ነው። ረዳት ምሩቅ ሆነህ ትገባለህ፤ እሱ ማለት የሰው ፈተና የሚያርም፣ የሰው ፕሮጀክተር የሚሸከም ነው። ከዚያ ረዳት ሌክቸረር ትሆናለህ። ማስተርስህን ስትይዝ ሌክቸረር። እስከዚህ የሚያደርስህ ትምህርትህ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ግን፣ ረዳት ፕሮፌሰር፣ ተባባሪ ፕሮፌሰር፣ ሙሉ ፕሮፌሰር የሚባለው፣ ጽሑፍ ይጠይቃል፤ ጆርናል ላይ የታተመ፣ ስምህ ያለበት ጽሑፍ። ጽሑፍ ከሌለህ ሃያ ዓመት ብታስተምርም እዚያው ነህ።

ጋሽ ሳህሌ ሌክቸረርነት ላይ አሥራ ስድስት ዓመት ተቀምጠዋል። ያስተማሯቸው ልጆች አልፈዋቸው ሄደው፣ የትምህርት ክፍል ኃላፊ ሆነው የዓመት ፈቃዳቸውን ይፈርሙላቸው ነበር። እሳቸው ግን ቅር ሲላቸው አላየሁም። ቀጭን፣ አጠር ያሉ፣ በሙቀትም በብርድም ያችኑ ቡናማ ሹራብ የሚለብሱ ሰው ናቸው። ሰኞ ወልቂጤ ይመጣሉ፣ አርብ ቡታጅራ ይገባሉ። የሰብል ጥበቃ ነው የሚያስተምሩት። አማርኛቸው ላይ ጉራጊኛቸው ስለሚሰማ ተማሪ ከኋላ ሆኖ ይቀዳቸዋል፤ ሰምተው ይስቁና «እንደገና በል፣ አልመሰልከኝም» ይሉታል።

ከሁሉ የማልረሳው ግን ጥያቄያቸውን ነው። አንድ ተማሪ ተነስቶ ይህ በሽታ እንዲህ ያደርጋል፣ ይህ ማዳበሪያ ምርት ይጨምራል ብሎ ሲያወራ፣ መነጽራቸውን ያወልቁና «የማን ማሳ ላይ?» ይሉታል። በቃ። ልጁ መጽሐፍ ይጠራል። «መጽሐፉን ተወው፣ የማን ማሳ ላይ? ሰውየው ስም የለውም?» እኔ ራሴ ረዳት ምሩቅ ሆኜ መጀመሪያ ያስተማርኩ ቀን ከኋላ ቁጭ ብለው አዳምጠውኝ ነበር። ስጨርስ መጥተው ጀርባዬን መታ መታ አደረጉና «ጥሩ ትናገራለህ። ያልከውን በርበሬ ግን አይተኸዋል?» አሉኝ። እኔ የአረቅጥ ልጅ ነኝ፤ ደጋ ነው፣ በርበሬ የማውቀው ወጥ ውስጥ ነው። በሳምንቱ ቡታጅራ ገበያ ወስደው፣ ከየነጋዴው አንዳንድ ዛላ እያነሱ ጫፉን ነከስ እያደረጉ «ይሄ ከቆላው ነው፣ ይሄ ካምና ነው፣ ይሄ ውሃ ተረጭቶበታል» እያሉ አስተማሩኝ። ነጋዴዋ «መምህር፣ ይልቅ ግዙ!» ብላ ጮኸችባቸው። ገዙ። ያን ቀን ቤታቸው በላሁ። ከዚያ በኋላ እንደ ልጃቸው ነበር የሚያዩኝ።

አንድ ነገር ግን ያስፈራኝ ነበር። ጋሽ ሳህሌ ሲቆጡ አይጮሁም። ታናሻቸውን «አንተ» ሲሉ ቆይተው ድንገት «እርስዎ» ካሉ፣ ጉድ ፈልቷል ማለት ነው። የሰነፍ ተማሪ ቆሌ በዚያች ቃል ሲገፈፍ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

አሁን ወደ ጉዱ ልምጣ።

ዕቁብ የማያውቅ ጉራጌ የለም። እኛ ደግሞ የጽሑፍ ዕቁብ ጀመርን። አምስት ነን፤ እኔ፣ ጋሽ ሳህሌና ሌሎች ሦስት ሌክቸረሮች፤ ሦስቱ ኋላ ወደ ሌላ አገር ተዛውረዋል። ነገሩ ቀላል ነው፦ በየተራ አንዱ ጥናት ሠርቶ ሲያሳትም የአምስታችንንም ስም ያስገባል። ሁሉም አንድ ሠርቶ አምስት ያገኛል። ጋሽ ሳህሌ ሲነገራቸው መጀመሪያ አላማራቸውም ነበር። «ያልሠራሁት ላይ ስሜ ምን ይሠራል?» አሉ። እኔ ነኝ ያግባባኋቸው። መረዳዳት ነው፣ ረቂቁን ሁላችንም እናነባለን፣ እናርማለን አልኳቸው። የሳቸው ተራ ሲደርስ አንድ ክረምት ሙሉ ቦት ጫማ አድርገው ማሳ ለማሳ ዞረው የሠሩትን ሥራ ይዘው መጡ፤ የአራታችንንም ስም ከነአያታችን አስተካክለው ጽፈው።

የኔ ተራ ሲደርስ የዕድገት ማመልከቻ ሊዘጋ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ርዕሴ የመስቃን በርበሬ ሥር አበስብስ በሽታ ነው። መጠይቅ ይዤ መንደር ገብቼ፣ ገበሬ ጠይቄ፣ ማሳ አይቼ፣ ሥር ነቅዬ መምጣት አለብኝ። ዝናብ ነው፣ መንገዱ ጭቃ ነው፣ አበል አልተለቀቀም፤ ሰበብ ስፈልግ አላጣም። ሄጄ ሳልጨርስ ቀኑ ቢያልፍስ? ብዬ ፈራሁ። ያኔም ፍርሃት ነው የጣለኝ፣ ኋላም ፍርሃት። ወልቂጤ አንድ ካፌ ጥግ ላይ ሦስት ቀን ተቀምጬ መጠይቁን ሁሉ ራሴ ሞላሁት። ገበሬውም እኔ፣ ጠያቂውም እኔ። እስክሪብቶ እየቀያየርኩ፣ አንዳንዱን በግራ እጄ። የመንደሯን ስም ከካርታ ላይ አየሁና መረጥኩ። በሽታው በዚያች መንደር እምብዛም አይታይም ብዬ ጻፍኩ፤ ትንሽ በሽታ ትንሽ ጥያቄ ያመጣል ብዬ።

ረቂቁን ለአራቱም ሰጠኋቸው። ማንም አላነበበውም። ጋሽ ሳህሌ ያኔ እትዬ አስቴር ታማ አዲስ አበባ ሲመላለሱ ነበር፤ መኪና ላይ ሊሳፈሩ ሲሉ ደረስኩባቸው። «አንተ ከሠራኸው ምን አነበዋለሁ?» ብለው ጉልበታቸው ላይ አድርገው ፈረሙ። ታተመ፤ ለዕድገቱ የጎደለንን ነጥብ ሞላልን። በዚያው ዓመት እኔም እሳቸውም ረዳት ፕሮፌሰር ሆንን። አሥራ ስድስት ዓመት የቆየ ሰው! እትዬ አስቴር በግ አሳረደች። ቤተ ክርስቲያናቸው ውስጥ ስማቸው ከነማዕረጉ ተጠርቶ ሲጨበጨብላቸው አንገታቸውን ደፍተው በመሐረባቸው መነጽራቸውን ይወለውሉ ነበር። እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ አጨበጭባለሁ።

በዓመቱ አንድ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን ሲያቀርብ፣ የመስቃን በርበሬ እንደዚህ ያለ በሽታ የለበትም አለ። ጋሽ ሳህሌ መነጽራቸውን አወለቁ። «የማን ማሳ ላይ?»

ልጁ ፈገግ አለ። «የእርስዎ ጽሑፍ ላይ ነው መምህር» አለና የመንደሯን ስም ጠራ።

ክፍሉ ሳቀ። እኔም ከፈታኞቹ አንዱ ነበርኩ። ጋሽ ሳህሌ አልሳቁም። መነጽራቸውን መልሰው አደረጉና እኔን አዩኝ። ረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ ወደ ልጁ ዞረው «ቀጥል» አሉት።

አርብ ደወሉልኝ። «ቅዳሜ ቡታጅራ ና።» ሌላ ቃል የለም። ሌሊቱን እንዴት እንዳነጋሁት አላውቅም። መናኸሪያ ጠበቁኝ፣ ባጃጅ አስጠሩና ገባን። የት እንደምንሄድ አልጠየቅኩም። ባጃጁ ከአስፋልቱ ወርዶ በእንሰቱ መሀል ብዙ ከሄደ በኋላ አንድ ግቢ በር ላይ አቆመን። ታፔላው ላይ የቀበሌውን ስም አነበብኩ። ከካርታ ላይ የመረጥኳት መንደር ናት። ጋሽ ሳህሌም የተወለዱት እዚያ ነው። ሁሌም «የቡታጅራ ሰው ነኝ» ስለሚሉ ከተማው መስሎኝ ነበር። ከዚያ ሁሉ መንደር መርጬ መርጬ!

አንድ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌ እጃቸውን ዘርግተው መጡ። «አሰላሙ አለይኩም ሳህሌ! ጠፋህ እኮ።»

«ወአለይኩም ሰላም ሐጂ።» ተቃቀፉ። ሐጂ ነስሩ ይባላሉ፤ አብረው ከብት የጠበቁ፣ አንዳቸው ቁርዓን ቤት፣ አንዳቸው ቄስ ትምህርት ቤት ተልከው ሁለቱም የሸሹ ሰዎች ናቸው። ጋሽ ሳህሌ በእጃቸው ወደኔ እያመለከቱ «ሐጂ፣ ይህ ልጅ ቤትህ መጥቶ ስለ በርበሬ ጠይቆህ ያውቃል?» አሏቸው።

«ወላሂ ዛሬ ገና ማየቴ ነው።»

«ሌላ ሰውስ? ወረቀት ይዞ የመጣ?»

«ማንም። ወረቀት ይዞ የመጣው አንድ የግብርና ልጅ ነው። መድኃኒት ስጡን ብንለው የናንተ ሰፈር ተጠንቷል፣ በሽታ የለበትም፣ ለሌላው ቀበሌ ነው የተመደበው ብሎን ሄደ። እንግዲህ እየው።» ወደ ጓሮ ወሰዱን። በርበሬው ቆሞ ደርቋል። አንዱን ነቀሉና ሥሩን በጣታቸው ሲያሹት ጥቁር ሆኖ ተላጠ። «በሽታ የለበትም ይሉናል! ማነው ያጠናው ብለን ብንጠይቅ ምሁራን ናቸው አሉን። አንተ ታውቃቸዋለህ ሳህሌ?»

«አንዱ እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ ሳህሌ።

ሐጂ ሳቁ። «ተው አትቀልድ።»

ጋሽ ሳህሌ የተነቀለውን በርበሬ ከእጃቸው ተቀበሉ። ሐጂም ሳቃቸውን ቀስ ብለው ዋጡት። እኔ ምን ይዋጠኝ! መሬት መሬት እያየሁ፣ አሁን ስሜን ይጠሩታል፣ አሁን ይህ ሽማግሌ በበትር ይለኛል እያልኩ ጠበቅኩ። አልጠሩትም። ሐጂ ግቡና ቅመሱ ብለው ቢለምኑን እንኳ እንቸኩላለን ብለው ይዘውኝ ወጡ።

በባጃጅ መናኸሪያ ተመለስን። ስንወርድ ቆም አሉና «እርስዎ ነዎት የሞሉት?» አሉኝ።

እርስዎ። «እኔ ነኝ ጋሼ።»

«ብቻዎን?»

«ብቻዬን።»

«እኔ ደግሞ ሳላነብ ፈረምኩ። እንግዲህ ሁለት ነን።» ሰልፍ ገብተው የወልቂጤ ትኬቴን ቆርጠው መጡና እጄ ላይ አደረጉልኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። «ሰኞ የኔን ማዕረግ እመልሳለሁ። የእርስዎን ስም አልጠራም። የእርስዎን እርስዎ ይመልሳሉ» አሉኝና ሄዱ።

ሰኞ እውነትም ደብዳቤ አስገቡ። «ለረዳት ፕሮፌሰርነት ያበቃኝ ሥራ እኔ ያልሠራሁት በመሆኑ ማዕረጉ ተነስቶ ወደ ሌክቸረርነት እንድመለስ እጠይቃለሁ» የሚል ነው። የዕድገት ኮሚቴው ሰብሳቢ ግራ ገባው። የትኛው ጽሑፍ ነው ቢላቸው «የራሴን ነው የምመልሰው፣ የሰው አትጠይቁኝ» አሉት። እሱም አብሯቸው የሚጽፍ ነው ብሎ እኔን አስጠራኝ።

ያቺን ቢሮ ዛሬም በሕልሜ አያታለሁ። ሰብሳቢው ደብዳቤውን ገፋ አድርጎ «ሰውየው ምን ነካቸው? ዕድሜዬን ሙሉ ማዕረግ አምጡ የሚል እንጂ ውሰዱልኝ የሚል አይቼ አላውቅም። አንተ ታውቃለህ?» አለኝ።

ያኔ መናገር ነበረብኝ። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ሥራዬ፣ ቤቴ፣ አረቅጥ ያሉት አባቴ ልጄ ፕሮፌሰር ሆነ እያሉ ለሰው የሚያወሩት ሁሉ በአንድ ጊዜ መጣብኝ። አፌ እኔን ሳያማክር ተናገረ።

«እኔ እንጃ... ሰሞኑን ጤና ያላቸው አይመስለኝም። ብቻቸውን ያወራሉ።»

ሰብሳቢው በረጅሙ ተነፈሰ። «እኔም ጠርጥሬ ነበር» አለ። ያ መልስ ለሁሉም ተስማማ። ጥያቄያቸው በጤና ምክንያት ተብሎ ጸደቀ፤ ማንም ጽሑፍ አላገላበጠም። ወሬው ግን ግቢ ውስጥ አልቀረም። ሳምንት ሳይሞላ ቡታጅራ ገባ። ሳህሌ ለቀቀ፣ ሳህሌን ወፈፍ አድርጎታል፣ ማዕረጉን የቀሙት ለዚህ ነው ተባለ። ልጃቸው ናሆም ያኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበር። አባቱ ትምህርት ቤት እንዳይመጡበት እናቱን እንደለመነ ኋላ ሰማሁ። በመንገድ ሲያያቸው ወደ ማዶ ይሻገር ነበር አሉ።

ከዚያ በኋላ አንድ ከሰዓት ቢሮዬ ተንኳኳ። ጋሽ ሳህሌ ናቸው። ብድግ ስል ወንበሬ ወደቀ። አለቀልኝ አልኩ። እሳቸው ግን ወንበሩን አነሱና «ቅዳሜ ቅዳሜ መስቃን ልሄድ ነው። ጥናቱን ከመጀመሪያው፣ ቤት ለቤት ልሠራው። ትመጣለህ?» አሉኝ። አንተ ብለውኛል። በሩን ከፈቱልኝ ማለት ነው፤ አሁን ሳስበው ይገባኛል። ያኔ ግን የታየኝ ሐጂ ነስሩ ናቸው፣ የግብርና ቢሮው ነው፣ ነገሩ ሁሉ የሚወጣበት መንገድ ነው።

«እኔ እንኳ... አሞኛል ጋሼ» አልኩ።

ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። «አንተንም አመመህ?» አሉ።

ታመዋል ያልኩት እኔ መሆኔን ያወቁት ያኔ ነው፣ ወይም ቀድመው ያውቁ ነበር። በሩን ቀስ ብለው ዘግተው ወጡ። ያን ወቅት ሙሉ ቅዳሜያቸውን እዚያ አሳለፉ። ሥሩን ነቅለው፣ ገበሬውን በስሙ ጽፈው፣ ለወረዳው ግብርና አስረከቡ። በተከታዩ ዓመት መድኃኒቱ መንደሯ ገባ። ያንን ሥራ ጆርናል ላይ አላወጡትም፤ ማንም ማዕረግ አልሰጣቸውም።

እኔስ? እኔ በስድስት ዓመት ውስጥ ለተባባሪ ፕሮፌሰርነት ሁለቴ ማመልከቻ ጽፌ ሁለቴ ቀድጄዋለሁ፤ ካመለከትኩ ፋይሌ ይከፈታላ። ዲኑ ስልክ ሲደውል ወዲያው አላነሳም። ፖስታ ሲመጣልኝ ከፍቼ እስካነብ ነፍሴን አላውቅም። ጋሽ ሳህሌ በየጠዋቱ ኮሪደር ላይ «እንዴት አደርክ ኢዮብ» ይሉኛል፤ እኔ ያችን ሰላምታ ቀኑን ሙሉ እያላመጥኩ፣ ዛሬ ድምጻቸው ምን ነበር፣ ሊናገሩ ነው እንዴ እያልኩ እውላለሁ። አንድም ቀን አልተናገሩም። አንድም ቀን ፊታቸውን አላዞሩብኝም። ደግ ሰው ይፈራል ቢሉኝ አላምንም ነበር፤ ግን ከክፉ ሰው ይልቅ እሳቸውን ፈራሁ።

የቀብሩ ቀን በጠዋት ቡታጅራ ገባሁ። ናሆም የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ጠበቀኝ። አድጓል፣ ዲግሪውን ይዟል፣ ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል። ወረቀቱን ሰጠኝ። ቆሜ አነበብኩት። መሀሉ ላይ እንዲህ ይላል፦ «እስከ ረዳት ፕሮፌሰርነት ማዕረግ ከደረሱ በኋላ ባጋጠማቸው የአእምሮ ጤና መታወክ ምክንያት ወደ ሌክቸረርነት ተመልሰው...»

የኔ ውሸት ነው። ስድስት ዓመት ዞሮ ዞሮ፣ በልጃቸው እጅ ተጽፎ፣ እሬሳቸው ፊት በኔው አፍ እንዲነበብ መጣ። እሺ ብዬ ወረቀቱን አጠፍኩት። እንዲህ ነኝ እኔ፤ እሺ ነው የምለው።

ግቢው ጢም ብሏል። መዘምራኑ ጨረሱ፣ መጋቢው ስሜን ከነማዕረጌ ጠርተው «ያነቡልናል» አሉ። ማይኩን ስይዝ ድምጽ ማጉያው ጮኸ። ማዶ አጥሩ ሥር ከመስቃን የመጡ ሙስሊም ገበሬዎች ቆመዋል፤ ከፊት ሐጂ ነስሩ ናቸው፣ ዓይናቸውን እኔ ላይ ተክለዋል። ተወለዱ አልኩ። ተማሩ አልኩ። አገቡ አልኩ። ማዕረጋቸው ጋ ደረስኩ። ላነበውም አልቻልኩም፣ እውነቱም አልወጣኝም። ዝም አልኩ። ሰው ሐዘን ያነቀኝ መስሎት አንዲት ሴት «አይዞህ ልጄ!» አለችኝ። መስመሩን ዘለልኩትና «...እስከ ዕለተ ሞታቸው አስተምረዋል» ብዬ ጨረስኩ። አሜን አሉ።

ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። ሹልክ ብዬ መሄድ አስቤ ነበር። ናሆም በሰው መሀል አልፎ መጣና አጠገቤ ተቀመጠ።

«አንድ መስመር ዘለሉ» አለኝ በቀስታ።

«አዎ።»

«ለአባዬ ክብር ብለው እንደሆነ ገብቶኛል። ተባረኩ። እኔ ልጁ ሆኜ ያላሰብኩትን ነው ያሰቡለት።» ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ጭንቅላቱ ልክ እንዳልነበረ እናውቃለን። እናንተ ግን ችላችሁት እስከ መጨረሻው አሠራችሁት። እኔ እኮ አፍሬበት... በመንገድ ሳገኘው እንኳ... አሞት ነው እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ።»

ያን ጊዜ የሆንኩትን አላውቅም። ድፍረት አልነበረም። እንደዚያን ቀን ፈርቼ አላውቅም። ልጁ ግን በኔ ውሸት ላይ ተደግፎ ያለቅሳል።

«ናሆም፣ አባትህ አላመማቸውም ነበር» አልኩት።

ቀና አለ። «እንዴት?»

«አንድም ቀን አላመማቸውም። ማዕረጉን በጤናቸው፣ በሙሉ ልባቸው ነው የመለሱት። ካየኋቸው ሰዎች ሁሉ ጤነኛው እሳቸው ነበሩ።»

አጠገባችን የተቀመጡት ሰዎች ወሬያቸውን አቋርጠው ዞሩ። ናሆም ፊቱ ተለዋወጠ። መጀመሪያ ደስታ መሰለኝ፣ ከዚያ ሌላ ነገር መጣበት። እጁን ጉልበቴ ላይ አደረገ።

«ታዲያ ታሟል ያለው ማነው?»

«እኔ» አልኩት።